የቀትር ውሃ

ቲጊርት፣ ጁላይ 4

ለአጎቴ ለቡሐፍስ፤

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬ ወህራን ደርሶ ሲመለስ ከባሕሩ ትንሽ እርጥበት ይዞልኝ ይምጣ፤ እዚህ ምራቃችን እንኳ ደርቋል። ብጣሽ ወረቀትህን የአውቶቡሱ ሹፌር ሰሊም አድርሶኛል። እኔ ስለ ጤናህ፣ ስለ ጥገና ሱቅህ፣ ስለ እግርህ ሕመም ሁለት ገጽ ሙሉ ጠይቄህ፣ ከእናቴ ወንድም የመጣልኝ መልስ «ስንት ሰዓት ላይ ይቆማል? ማቀዝቀዣው ይፋጃል? ማን ከፈተው?» የሚል ብቻ ነው። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ!

ይሁን፣ ልመልስልህ። ፓምፑ ጠዋት ከፀሐይ ጋር ይነሳል። ረፋድ ላይ ውሃው መከፋፈያው ዘንድ ደርሶ ለየአትክልቱ ይበተናል፤ ሴቶቹ እየተሳሳቁ ቦያቸውን ይከፍታሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ኢንቨርተሩ፣ ያ የሶላሩን ጉልበት ለፓምፑ የሚያቀብለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሳጥን፣ ቀይ መብራት አብርቶ ቀጥ ይላል። ሲበርድለት ይነሳል፣ ሲግል ይቆማል። የፀሐይ ልጅ ነው ብለው አምጥተውልን፣ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ይፈልጋል። ፋኑ ይዞራል። ከኋላው ያለው ክንፍ ክንፍ የሆነው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ደግሞ፣ ላልከው ነገር፣ አይፋጅም። እጄን አሳርፌበት ቁጭ ማለት እችላለሁ። ሳጥኑ «በሙቀት ሞትኩ» ይላል፣ ሙቀት ማውጫው ለብ ብሏል። ማንን ልመን?

ማን ከፈተው ላልከው፣ ነፋስ ከፈተው በል።

አጎቴ፣ የመንደሩ የፓምፕ ቁልፍ እኔ አንገት ላይ ነው የተንጠለጠለው። ከምድር በታች የሚመጣው የአያቶቻችን ቦይ ከደረቀ ወዲህ ያለን ይቺ ጉድጓድ ብቻ ናት። ሓጅ ዙቢር የናፍጣ ሞተሩን ዳር ላይ አቁሞ እየጠበቀን ነው። ፓምፑ ቀትርን ተሻግሮ ካልሠራ፣ ጀማዓው፣ የመንደሩ ሸንጎ፣ በኦገስት የመጨረሻ አርብ ውሃውን ለእሱ ይሰጣል፤ እሱም በምላሹ ከተምራችን ግማሹን ይወስዳል። አያቴ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ውሃ የሰው ተምር ሲያጠጣ ኖሮ፣ ከአምስት ዘለላ አንዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ እንደነበር የነገርከኝ አንተ ነህ። እኔ ወደዚያ አልመለስም። ሽማግሌዎቹ ቢደክማቸው፣ እኔ አልደከመኝም።

ስልክህን ግን ለምን አታነሳም? በአንድ ደቂቃ የሚያልቀውን ነገር ሰሊም ቀንና ሌሊት ያመላልሰዋል።

የእህትህ ልጅ፣ ረቂያ

ወህራን፣ ጁላይ 11

ለእህቴ ልጅ ለረቂያ፤

ሰላምታ የጎደለው ወረቀት ስለላክሁብሽ ይቅርታ። ተበላሽቶ የመጣ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ዕቃውን ነው፤ ባለቤቱን ቆይቶ ነው። ክፉ ልማድ ነው፤ እናትሽም ትሰድበኝ ነበር፣ አላህ ይዘንላት። እግሬ ደህና ነው። ሱቁም ደህና ነው። የምበላውንም ጠይቀሽኛል፤ ሾርባ ነው። ጎረቤቴ ሐሊማ ታመጣልኛለች። ይጣፍጣል።

አሁን ወደ ሳጥንሽ። ማቀዝቀዣው ለብ ብሎ ሳጥኑ በሙቀት ከቆመ፣ ሙቀቱ ተወልዷል፣ መውጫ ግን አጥቷል ማለት ነው። ከውስጥ ጥቁር ጡብ የመሰለ ነገር አለ፤ ጉልበቱ ሁሉ የሚያልፈው በእሱ ነው፤ የሚግለውም እሱ ነው። የጡቡ ታችኛው ፊት ብረት ነው፤ ከአሉሚኒየሙ ጋር በብሎን ተጣብቋል። ሁለቱም ፊቶች ለዓይን ልሙጥ ናቸው። እስቲ ሁለት መዳፍሽን ግጥም አድርገሽ ውሃ ቋጥሪባቸው። ያንጠባጥባል አይደል? ብረትም እንደዚያው ነው፤ በመካከላቸው አየር ይቀራል፣ አየር ደግሞ ሙቀት ማሳለፍ አይወድም። ያንን ክፍተት እንዲሞላ ነው የሙቀት ቅባት የሚቀባው። ክፍተቱን ብቻ!

ሳጥኑን ክፈቺው። ግን ስሚኝ፤ ሶላር ፀሐይ እያለ አይተኛም። ብሬከሩን አጥፊ፣ ሶላሮቹን በብርድ ልብስ ሸፍኚ፣ ከዚያም ሻይሽን እስከ ሦስተኛው ብርጭቆ ጠጪ። ውስጡ ያሉት ጣሳ የመሰሉ ነገሮች ኤሌክትሪክ ቋጥረው ይቆያሉ፤ የቸኮለ ሰው ላይ ይተፉበታል። ጡቡን ስታነሺው ያገኘሽውን እንዳትጠርጊ። ንጹሕ ወረቀት ጫኚበትና ቅጂውን ላኪልኝ። ፎቶ አልፈልግም፤ ፎቶ ውፍረት አያሳይም፣ የእኔ ስልክ ደግሞ ከቁልፍ በቀር ምንም የላትም። በእሷ መልእክት ከመጻፍ በመርፌ ጉድጓድ መቆፈር ይቀላል።

ነፋስ ካቻቪቴ አይዝም፣ የእህቴ ልጅ። ማን ከፈተው?

አትደውይ። እጅ በጆሮ አይማርም።

አጎትሽ ቡሐፍስ

ቲጊርት፣ ጁላይ 19

ለአጎቴ፤

ወረቀቱን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ ልኬልሃለሁ። ሰሊም ካልተቀመጠበት ደህና ይደርሳል። እንደምታየው ቅባቱ ስንት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፤ ወረቀቱ ጠጥቶት እንኳ አላለቀም። ጡቡ ከአሉሚኒየሙ ሲላቀቅ ከጭቃ ውስጥ እንደሚወጣ ጫማ ድምፅ አሰማ። ዙሪያውን ደግሞ፣ ልብ ብለህ እየው፣ ጠርዙ ሁሉ በጣት ተጠቅጥቋል።

መጠየቅህ ስለማይቀር አስቀድሜ ልንገርህ። አዎ፣ ሦስት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። አዎ፣ ብሎኖቹ በደንብ ጠብቀው ነበር። አይ፣ ቅባቱ አልደረቀም፤ ዘይቱ ግን ለብቻው ወጥቶ ወደ ታች ወርዷል። ለሕሲን የሚባለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጥርጊውና የጥርስ ሳሙና ቀቢው፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው ይለኛል። ኢንቨርተሩ ሲያዛጋ ጥርስ አየህበት ወይ አልኩት።

ማን እንደቀባው ተወው። የሆነው ሆኗል። የምትልክልኝን ንገረኝና ልቀጥል።

ሌላ ነገር አለ። ባለፈው ማክሰኞ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ትልቁ የብረት የውሃ ጋን ላይ ወጣሁ፤ መንደራችን ውስጥ ስልክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ደወልኩልህ። ተነሳ። «አጎቴ!» አልኩ። ማንም አልመለሰም። ሰው ግን ነበረ፤ ትንፋሽ ሰምቻለሁ። ትንፋሽህን አውቀዋለሁ አጎቴ፣ ልጅ ሆኜ ትከሻህ ላይ ተኝቼበታለሁ። ከዚያ ተዘጋ።

የተጣላኸው ከአባቴ ጋር ነው፤ ከእኔ ጋር አይደለም። ስትሄድ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር፤ ስትመጣም የምትመጣው ለእናቴ ብቻ ነበር፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ እሱም ቀረ። ቂም ከያዝክ ቂምህን ንገረኝ። ዝምታህን ግን አልችለውም፤ አናደደኝ፣ አስለቀሰኝም።

ይህን ጽፌ ልቀደው ነበር፤ ሌላ ወረቀት ስለሌለኝ ተውኩት።

ረቂያ

ወህራን፣ ጁላይ 27

ለረቂያ፤

ስለ ስልኩ ይቅርታ። መስመሩ መጥፎ ነው። በአንቺ ላይ ቅንጣት ቂም የለኝም፤ ይህን ለዛሬ ብቻ እመኚኝ፣ ሌላውን ቆይቶ።

ወረቀትሽን መስኮቱ ላይ ለጥፌ አየሁት። ሐሊማም መጥታ «ይሄ ካርታ የማን አገር ነው?» አለችኝ። የማን አገር እንደሆነ አወቅሁት። ያንን አውራ ጣት አውቀዋለሁ። አባትሽ ነው የቀባው።

አትደንግጪ። አባትሽ ባርካ የቲጊርት ውሃ ለኪ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያላትን የመዳብ ሳህኑን ቦዩ ላይ አቁሞ ሲለካ አይቼዋለሁ፤ በጎን አንዲት ጠብታ እንዳታመልጥ ዙሪያውን በጭቃ ይደፍናል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ እንዲህ እያደረገ ይጠቀጥቃል። ወደ ወህራን በመጣሁ በሳምንቱ «ውሃን ጥሎ የሄደ ውሃ የለውም» ብሎ መከፋፈያው ላይ የውሃ ድርሻዬ ይፈስባት የነበረችውን ቀዳዳ በዚያው ጭቃ፣ በዚያው አውራ ጣት ደፍኗታል። ሄጄ አይቻታለሁ። እስከ ዛሬ አልተከፈተችም። ስለዚህ ሥራውን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ።

ሳጥኑን የደፈነው በክፋት አይደለም፣ በስንፍናም አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ሙያ ነው ያሳሳተው። ለእሱ በደንብ የተሠራ ማለት በደንብ የተደፈነ ነው። ጭቃ ግን የሚለጠፈው ሊያግድ ነው፤ ይህ ቅባት ሊያሳልፍ ነው። ሲበዛ እሱ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ሙቀቱ ከጡቡ ወጥቶ ቅባቱ ውስጥ ይታሰራል፣ አሉሚኒየሙም ምንም ሳይሰማ ለብ ብሎ ይውላል።

አዲስ ቅባት ልኬአለሁ፤ ሁለት ቱቦ ነው፣ ደህና ዓይነት ነው፣ ዘይቱ አይለይም። ጡቡን ወዲያው እንዳትነኪ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ሁለት የፎቶ ፍሬም መስታወት ፈልጊ። አንዱን በካርድ ጠርዝ ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ በሥሩ ያስቀመጥሽው ጋዜጣ ጽሑፉ ደብዘዝ ብሎ መታየት አለበት። ሁለተኛውን መስታወት ጫኚና ከላይ ሆነሽ እዪ። አረፋ ካየሽ ጥረጊና እንደገና። በጣትሽ አትንኪ። በአልኮል ስትጠርጊም ብናኝ በማይተው ጨርቅ ይሁን። ሁሉንም አድርገሽ ስትጨርሺ ጻፊልኝ።

ለአባትሽ ምንም አትበዪው። ገና አልደረስንም።

ቡሐፍስ

ቲጊርት፣ ኦገስት 7

ለአጎቴ፤

ያወቅኸውን አወቅህ፤ እንግዲህ እኔም ልንገርህ። ሶላሩን የተከለልን ቴክኒሽያን «ነገ እመጣለሁ» እያለ የብርዱን ወራት ጨረሰው። ፓምፑ አልፎ አልፎ መቆም ጀምሮ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ካቻቪቴ ይዞ ሄደና ከፈተው። የድሮው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ሆኖ አገኘው። ከቲሚሙን ገበያ ቅባት ገዝቶ የሚያውቀውን አደረገ። ሽማግሌዎቹ «ባርካ ብረትም ይለካል!» ብለው አጨበጨቡለት። ከዚያ ወዲህ ነው ቀትር የጠላን።

የተበላሸው በእሱ እጅ መሆኑን መንደሩ ቢሰማስ? አባቴ ለሁለት ቤተሰብ ውሃ ሲያካፍል ማንም ከኋላው ሄዶ አጣርቶ አያውቅም። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ያለው ነገር ያ መታመን ብቻ ነው። ሓጅ ዙቢር ደግሞ እያወቀ ከንፈሩን እያሞጠሞጠ «ለመሆኑ ያንን ሳጥን ማን ነካው?» እያለ መስጊድ ደጃፍ ላይ ይጠይቃል። ለዚያ ነው ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለአንተም፣ ነፋስ ነው ያልኩት።

መስታወቱን ጠይቀኸኛል። የእናቴንና የአባቴን የሠርግ ፎቶ ከፍሬሙ አውጥቼ ሠራሁበት፤ ይቅር በሉኝ። መጀመሪያ አረፋ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ አንዱ ጥግ ወፈረ፣ ሌላው ባዶ ቀረ። ተሻሻልኩ፤ ግን እጄ እኩል አይሆንልኝም። መሃሉን ሳስተካክል ዳሩ ያመልጠኛል።

አሁን አትቆጣ። መታገሥ አቅቶኝ ባለፈው ሳምንት ጡቡን ቀባሁት። አመሻሽ ላይ፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ነበር፤ ነፋስ አለ፣ ግን ቀላል ነው ብዬ ናቅሁት። በማግስቱ ቀትር መጣ፣ አልቆመም! ሴቶቹ ቦያቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመለከታሉ፣ እኔ ሳጥኑን እመለከታለሁ። ሙአዚኑ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ሲጣራ ግን ሳጥኑም ለሶላት የቆመ ይመስል ቀጥ አለ። ከፍቼ አየሁት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቅባቱ ጋር ገብታ ጡቡን በአንድ ጎን ከፍ አድርጋዋለች። አንዲት ቅንጣት፣ አጎቴ!

አንደኛው ቱቦ አልቋል። ሴቶቹ በርበሬያቸውን በባልዲ እያጠጡ ነው፤ የአዲሶቹ የተምር ችግኞች ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ተስፋ ቆርጬ አይደለም የምጽፍልህ፣ ተናድጄ ነው። ሌላ መንገድ ካለ ንገረኝ። ከሌለም ያንኑ እደግመዋለሁ።

ረቂያ

ወህራን፣ ኦገስት 14

ለረቂያ፤

አልተቆጣሁም። ቀትርን ትንሽ ገፍተሽዋል። አንድ ጊዜ የተገፋ ነገር ደግሞ ይገፋል።

ለምን ራሴ እንደማልመጣ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ሐኪም መንገድ ከልክሎኛል፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ያልፋል። ወደ ቁም ነገሩ እንሂድ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ሥራ አልሠራሁም። እጄ እኩል አይሆንልኝም ያልሽው ከራሴ አልወጣ አለ። ይህን ጡብ የሚሠሩት ፋብሪካዎች በእጅ አይቀቡም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ቆርቆሮ ያስቀምጡበታል፣ ቅባቱን በላዩ ላይ ይጠርጉታል፣ ቆርቆሮውን ቀጥ አድርገው ያነሳሉ። እኩል እኩል ነጠብጣብ ይቀራል። ብሎኑ ሲጠብቅ ነጠብጣቦቹ ተንጠፍጥፈው ይገናኛሉ፣ አየሩም በመሃላቸው ሾልኮ ይወጣል። ቀዳዳው ነው የሚለካው፣ እጅ አይደለም።

በቀዳዳ መለካት! ረቂያ፣ ይህን ሥራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያው ቤትሽ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ቁጭ ብሏል። ከቲጊርት እስከ ባሕሩ ድረስ እኩል ቀዳዳ ከባርካ የተሻለ የሚበሳ የለም። እስከ ዛሬ ስንጽፍ የከረምነው ስለ ጭቃው ነው፤ ሳህኑን ረሳነው።

ሂጂና ጠይቂው። ሳህኑ ግን መዳብ አይሁን፤ ይወፍራል። የለስላሳ ጣሳ ቆርጦ ይዘርጋው፣ ለዚህ ውፍረት ልክ ነው። ቀዳዳዎቹ ምስር የሚያሳልፉ ይሁኑ፣ ተቀራርበው፣ በመላው ፊት። በብሎኖቹ ዙሪያ ባዶ ይተው። የበሳበት ጠርዝ ምላስ እንዳያወጣ በድንጋይ ይሞርደው። መጀመሪያ መስታወት ላይ ሞክሩት።

ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በር ዘግታችሁ፣ ወለሉን ውሃ ረጭታችሁ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ በር ላይ ሰቅላችሁ ሥሩ። ብሎን ስታጠብቂ በማዕዘን ተሻግረሽ፣ ከዚህኛው ወደዚያኛው፣ ጥቂት በጥቂት ይሁን። አንዱን ጥርቅም አድርጎ ወደ ሌላው መሄድ የለም።

የቀረሽ ቱቦ ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ለሁለተኛ አይበቃም።

ቡሐፍስ

ቲጊርት፣ ኦገስት 26

ለአጎቴ፤

ደብዳቤህን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «ከለስላሳ ጣሳ ሳህን ሥራልኝ» ስለው እንደ እብድ አየኝ።

«ማን አዘዘሽ?»

«አጎቴ ቡሐፍስ።»

«ያ ሽቦ ሻጭ?»

«እሱ።»

«ምን አለ?»

«ከቲጊርት እስከ ባሕሩ እኩል ቀዳዳ ከባርካ የተሻለ የሚበሳ የለም አለ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። በመጨረሻ «ሰውዬው ውሸታም ነው፤ እዚህ ላይ ግን አልዋሸም» ብሎ መብሻውን ፈለገ። ዓይኑ ደክሟል አላልኩህም? ጣቱ ግን አልደከመም። ቀዳዳዎቹን በጥፍሩ እየዳሰሰ ነው የበሳቸው። ሦስት ጣሳ አበላሽቶ አራተኛውን ሰጠኝ።

መስታወቱ ላይ ሞከርነው። ሳህኑን ሳነሳ ነጠብጣቦቹ ተሰልፈው ቀሩ። እሱ ራሱ ሁለተኛውን መስታወት ያዘና ጫነው። ነጠብጣቦቹ ቀስ እያሉ ሲሰፉ፣ ሲነካኩ፣ አንድ ስስ ሽፋን ሲሆኑ መስታወቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ አየ። ከሥር ያስቀመጥኩትን የጋዜጣ ርዕስ አነበበ፤ እሱ! በዚያ ዓይኑ! ከዚያ ሳልነግረው ገባው።

«እኔ ደፈንኩት» አለ።

«አዎ አባባ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስታውቂ ነፋስ ነው እያልሽ ትሄጂ ነበር?»

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ሳቀ። «አርብ ለጀማዓው እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ። አባባ ተው፣ ሓጅ ዙቢር አፉን ይከፍትብሃል ብለው፣ «ይክፈት። ለኪ ሲሳሳት እንደገና ይለካል፤ ስህተቱን የደበቀ ነው ለኪነቱ የሚያከትመው» አለኝ። አጎቴ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ኮርቼበት አላውቅም።

ይህን ሁሉ ሳምንት ነፋሱ አላረፈም። ሐሙስ ያርፋል ይላሉ። ሐሙስ ፀሐይ ስትገባ እንቀባዋለን። አርብ ጀማዓው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጋኑ ዘንድ መጥቶ በዓይኑ ያያል። ያኔ ውሃው እየፈሰሰ ከሆነ የእኛ ነው።

አሁን ስለ አንተ። ሰሊም ነገረኝ። ምሎልህ ነበር አሉ፤ እኔ ግን አስጨንቄ አወጣጣሁት። ጉሮሮህን እንደቀደዱህ፣ ድምፅህ እንደሄደና እንደማይመለስ፣ ደንበኛ ሲመጣ ደወል እየመታህ በወረቀት እንደምታነጋግር ሁሉን ነገረኝ። መንገድ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። «መስመሩ መጥፎ ነው» አልከኝ አይደል? እኔ ደግሞ ቂመኛ ብዬ ሰደብኩህ። ይቅር በለኝ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ፣ በግማሽ።

አርብ ከሶላት በኋላ ጋኑ ላይ ወጥቼ እደውልልሃለሁ። አንሳው። መናገር አይጠበቅብህም፤ እኔም አልናገርም። ፓምፑ ከሠራ ስልኩን ቧንቧው አፍ ላይ እይዝልሃለሁ፣ ውሃውን ትሰማለህ። ካልሠራ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ከዚያ ሌላ ቱቦ ትልክልኛለህ።

ረቂያ

ወህራን፣ ኦገስት 30

ለረቂያ፣ ለእህቴ ልጅ፤

ትናንት ከመስጊድ በሩጫ ነው የወጣሁት፤ የሐኪሙን ትእዛዝ ጥሼ። ሱቁን ዘግቼ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ሐሊማ ሾርባ ይዛ መጣችና «ዛሬ ምን ሆነሃል? ሙሽራ ትጠብቃለህ እንዴ?» አለች። እንድትቀመጥ በእጄ ምልክት ሰጠኋት።

ስልኩ ጮኸ። አነሳሁ። ምንም የለም። አንቺ «ካልሠራ ዝም እንላለን» ብለሽ ነበርና አልሠራም ብዬ ስልኳን ላስቀምጥ ነበር። ለካ ጋኑ ላይ ወደ ቧንቧው አፍ እየሄድሽ ነበር፤ ጫማሽ ብረቱን ሲረግጥ ሰማሁ።

ከዚያ ውሃ መጣ።

ረቂያ፣ እዚህ ባሕር አጠገብ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። እንደዚያ የሚሰማ ውሃ አላውቅም። ከቧንቧው ወደ ጋኑ እየወረደ፣ ሳይቋረጥ፣ በቀትር! ሐሊማ አጠገቤ ሆና ሰማችና «ኧረ ቧንቧ ፈንድቶብሃል!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሴቶቹ እልል ሲሉ ተመልሳ መጣች፤ እኔ እያለቀስኩ አገኘችኝ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቅ አብራኝ አለቀሰች።

አባትሽ ስልኩን የቀማሽ ጊዜ እንደሳቅሽ ሰምቻለሁ። ድምፅ ያጣሁት እኔ፣ ደንቆሮ የሆንኩ ይመስል የሚጮኸው እሱ። ምን እንዳለኝ በጩኸቱ ምክንያት መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ ግን በወረቀት እንዲቀመጥ ስለምፈልግ እጽፈዋለሁ። «ቡሐፍስ! ለጀማዓው ነግሬአቸዋለሁ! ሓጅ ዙቢር ሊስቅ ሲል ውሃው አፉን ዘጋው!» አለ። ከዚያ ቀጠለ፦ «ቀዳዳህን ዛሬ ጠዋት ከፈትኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አላሳለፈችም፤ ሥራ ማለት ይሄ ነው! አሁን ውሃህ ባዶ መሬት ላይ እየፈሰሰ ነው። ና አንተ ሰውዬ፣ እያባከንክ ነው።»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። ካቻቪቴዬን አንስቼ በእጀታዋ ስልኩን ሦስት ጊዜ መታሁ። ልጅ ሆነን ከምድር በታች ቦይ ስንጠርግ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ በጨለማ ውስጥ «አለሁ» የምንባባለው በዚያ ነበር፤ በመዶሻ እጀታ ድንጋዩን ሦስቴ። እንደማይረሳ አውቄ ነበር። ከዚያ በማዶ ጋኑን ሦስቴ ሲመታው ሰማሁ።

ድምፄ መሄዱን ያልነገርኩሽ እንዳታዝኚ ብዬ አይደለም። በሽተኛ አጎት ካለሽ ስለ ጉሮሮዬ ብቻ ትጽፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ሳጥኑ እንድትጽፊልኝ ፈለግሁ። ስለሌላው ግማሽ ይቅርታ ፊት ለፊት እንነጋገራለን፤ አንቺ በአፍሽ፣ እኔ በወረቀት። ሐኪሙን ዛሬ በጽሑፍ አሰናብቼዋለሁ። ሰሊም በሚቀጥለው ጉዞው የፊት ወንበር ይዞልኛል። ቱቦ ይዤ እመጣለሁ፤ ቅባቱ ከጊዜ በኋላ ይደርቃልና ከፍታችሁ ማየት አትርሱ፣ ሳህኑንም ደህና ቦታ አስቀምጡት።

እስክደርስ ድረስ ቀዳዳዬን አደራ። አባትሽን ጭቃ ይዞ ወደ እሷ እንዳታስጠጊው።

አጎትሽ ቡሐፍስ